ከዕጣው በፊት መዝገቡ ይቆጠር

ዕጣ ዘመድ አያውቅም፣ አማላጅ አይቀበልም እየተባለ ይወደሳል። ይህ ውዳሴ እውነትነት የሚኖረው ግን ወደ ዕጣው የገባው ስም ሁሉ በመብቱ የገባ እንደሆነ ብቻ ነው። ለመግባት የማይገባው ስም ከገባ፣ ዕጣው የቱንም ያህል በቅንነት ቢወጣ፣ ድርጊቱ ከዝርፊያ አይለይም።

ይህን እውነት የቀራንዮ ዕቁብተኛ ከማንም ተምሮ አላወቀውም። በመድኃኔዓለም አካባቢም ሆነ ወረድ ብሎ በአየር ጤና፣ ሠርቶ አደሩና ባለሱቁ ዕቁብ ሲጥል አስቀድሞ የሚከፈተው መዝገቡ ነው። የበላው ተለይቶ ይሰረዛል፤ ያልበላው ስም በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ይጠቀለላል፤ ጥቅልሉ በሁሉ ፊት ይቆጠራል። ቁጥሩ ከመዝገቡ ጋር ካልገጠመ ዳኛው ዕጣ አያስወጣም። ዕጣውን ማን አወጣው የሚለው ጥያቄ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። ሕፃን ልጅም ቢያወጣው ያው ነው።

በስፔን አገር ከ1812 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚካሄደው የገና ሎተሪም ሕዝቡ የሚያስታውሰው የሳን ኢልዴፎንሶ ትምህርት ቤት ልጆች ቁጥሩን በዜማ ሲያሰሙ ነው። ይሁን እንጂ የሥርዓቱ ዋና ጉልበት ከዜማው በፊት ባለው ነገር ላይ ነው፤ ይኸውም ቁጥር የተቀረጸባቸው የእንጨት እንክብሎች ወደ ማዞሪያው ከመግባታቸው በፊት ለሕዝብ ዕይታ መቅረባቸው ነው። የፈለገ የራሱን ቁጥር ፈልጎ ያረጋግጣል።

በኮምፒዩተር የሚወጣ ዕጣ ይህን ዕይታ ከሕዝብ ነጥቆአል። በአሜሪካ የበርካታ ግዛቶችን ሎተሪ የሚያስተዳድር ማኅበር የደኅንነት ኃላፊ የነበረ ሰው፣ ቁጥር አውጪውን ፕሮግራም ራሱ አዛብቶ በመገኘቱ በ2017 እ.ኤ.አ. እስከ 25 ዓመት እሥራት ተፈርዶበታል። ጠባቂው ሌባ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ተንኮል በሌለበትም ስሕተት አይጠፋም። በ2003 ዓ.ም. ብዙ ኢትዮጵያውያን ተስፋ የጣሉበት የዲቪ ውጤት የተሰረዘው፣ ፕሮግራሙ ከተመዘገቡት ሁሉ በእኩልነት በመምረጥ ፈንታ አብዛኞቹን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ካመለከቱት ስለ መረጠ ነበር። ደርሶሃል የተባለው ሰው አልደረሰህም ተባለ።

የአዲስ አበባው የቤት ዕጣ ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የከበደ ነው። የቶምቦላ ትኬት የገዛ ሰው ቢያጣ የሚያጣው የትኬቱን ዋጋ ነው። በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. ተመዝግቦ፣ ከልጆቹ ጉሮሮ እየቀነሰ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲቆጥብ የኖረ ተከራይ ግን ቁማርተኛ አይደለም፤ ባለመብት ነው። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የወጣው የ14ኛው ዙር የ25,791 ቤቶች ዕጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲሰረዝ የተደፈረው ይህ መብት ነው። በከተማው አስተዳደር እንደተገለጸው፣ ብቁ ያልሆኑ ሰዎች በዕጣው መረጃ ውስጥ እንዲገቡ ተደርጎ ነበር። ዕጣው እንደገና የወጣው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ቤት ደረሰኝ ብሎ እልል ያለው ቤተሰብ ምን ሆኖ እንደ ሰነበተ መገመት አያዳግትም።

ከዚያ በኋላ ብዙ የተነገረው ስለ ሶፍትዌሩ ነበር። የተሻለ ሶፍትዌር ማስፈለጉ አይካድም፤ ነገር ግን የተበከለ መዝገብ የተመገበ ፍጹም መሣሪያ የሚያወጣው የተበከለ ውጤት ነው። ለሴቶች 30 በመቶ፣ ለመንግሥት ሠራተኞች 20 በመቶ፣ ለአካል ጉዳተኞች 5 በመቶ ተብሎ የተደነገገው ድርሻም ቢሆን የሚጠበቀው ወይም የሚሸረሸረው በመዝገቡ ላይ ነው።

ስለዚህ ወደፊት በማናቸውም የቤት ዕጣ፣ የብቁ ተመዝጋቢዎች ዝርዝር ከዕጣው በፊት በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ተለጥፎ ተቃውሞ ሊቀርብበት ይገባል። የሰው ቁጠባ ምስጢር ነው የሚል መከራከሪያ ይነሣ ይሆናል። የገንዘቡ መጠን ምስጢርነቱ ትክክል ነው፤ የሚለጠፈው ግን የምዝገባ ቁጥሩ ብቻ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን ያጣ ያመለክታል፤ ቁጥሩ በዝቶ የታየ እንደሆነም ባንኩ ካስተላለፈው ዝርዝር ጋር ይነጻጸራል። በዕጣው ዕለት ደግሞ ቁልፉ ከመነካቱ በፊት ወደ መሣሪያው የገቡት ስሞች ብዛት በአዳራሹ ውስጥ ጮክ ብሎ ይነበብ። ካልገጠመ የዚያን ቀን ዕጣ አይወጣም፤ ባለመብቱም ወደ ቤቱ የሚመለሰው ቀጠሮ ይዞ ይሆናል።