«የስንት ሞዴል ነው?» ከማለት በፊት «ምኑ ተለወጠ?» እንበል

  

ዛሬ ስለ ማዳበሪያም ስለ ቡና በሽታም አይደለም የምጽፈው፤ ስለ ፒካፕ መኪና ነው። «አንተ የግብርና ባለሙያ ነህ፣ ከመኪና ጋር ምን አገናኘህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ያገናኘኝ የቡናችሁ ገንዘብ ነው። ስንት ዓመት የተለፋበት ገንዘብ በአንድ ቀን ውል ደላላ እጅ ሲገባ እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቅርቡ ከመቱ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ ጥቂት አርሶ አደሮች ተሰባስበው ጠሩኝ። የቡና ብራቸውን አዋጥተው እሸት ቡና የሚያመላልሱበት ፒካፕ ሊገዙ ነው። ደላላው ሁለት መኪና አምጥቷል። አንዱ ላንድክሩዘር ፒካፕ፣ «2007 ሞዴል» ነው። ሌላው ከሱ በጣም አዲስ የሆነ ሃይሉክስ ነው። አንድ ኦቦ ላንድክሩዘሩን ዞር ዞር ብለው አዩና «2007 ማለት እኮ የመጨረሻው ልጄ ትምህርት ቤት የገባበት ዓመት ነው። ገና ነው፣ አላረጀም» አሉ። ደላላው ፈገግ አለ እንጂ አላረማቸውም።

እዚህ ላይ ነው የመጀመሪያው ጉድጓድ። የመኪና ሞዴል የሚቆጠረው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። «2007 ሞዴል» ማለት በኛ 1999 ወይም 2000 ዓ.ም. የተሠራ ማለት ነው። ኦቦ ያሰቡት 2007 እና መኪናው የተሠራበት 2007 መካከል ሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት አለ። ሰባት ዓመት ለመኪና ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ሁሌም ሊብሬው ላይ የተሠራበትን ዓመት እዩና «በማን አቆጣጠር ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ከፍሎ መጸጸት ነው።

ግን ዓመቱን በትክክል ማወቅም ብቻውን አይበቃም። የኔ ሐሳብ ይሄ ነው፦ ዓመት ቁጥር ነው፣ የሚጠቅማችሁ በዚያ ዓመት መኪናው ላይ ምን እንደተለወጠ ማወቅ ነው።

ይሄን እኛ ቡና አምራቾች ከማንም በላይ እናውቀዋለን። 74110ን የማያውቅ የኢሉባቦር ገበሬ አለ? ቁጥሩ የሚጀምርበት 74 ዘሩ የተሰበሰበበትን 1974 (በፈረንጆች) ነው የሚያመለክተው። የተመረጠው ደግሞ ከዚሁ ከመቱ ቢሻሪ አካባቢ ነው። የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 አገራችን ገብቶ ቡናውን ሲጨርስ፣ በሽታውን የሚቋቋም ሆኖ ስለተገኘ ነው የተመረጠው። ዛሬ «ሃምሳ ዓመት ሆኖታል፣ አሮጌ ነው» ብሎ የሚነቅለው የለም። በቆሎ ላይ ግን ሌላ ነው። በ1993 የወጣውን ቢኤች 660 ትታችሁ በ2011 የወጣውን ቢኤች 661 ዝሩ ብለን ስንመክር የነበረው አዲስ ስለሆነ ሳይሆን በምርቱም ሆነ ሳይጋደም በመቆሙ የተሻለ ስለሆነ ነው። አዲሱ የሚያሸንፍበት ጊዜ አለ፣ አሮጌው የሚያሸንፍበትም አለ። ፒካፕም እንደዚሁ ነው።

እስቲ በየመንገዱ የምናየውን ላንድክሩዘር ፒካፕ እንመልከት። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የመኪና ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) 70 የሚባለው ቤተሰብ የጀመረው በ1984 ነው። ከሩቅ ሲያዩት አርባ ዓመት ሙሉ ያው ነው። ውስጡ ግን ብዙ ተለውጧል።

በ1999 የድሮው 75 ቀርቶ 79 መጣ። የፊቱ ባሌስትራ ወጥቶ በሞላ ተተካ፣ ግልቢያው ለሰስ አለ። የጎማው ብሎን ከ6 ወደ 5 ወረደ። ይሄ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ስኮርታ ከጎረቤት እዋሳለሁ ብላችሁ ጫካ መሃል ስትቆሙ ትልቅ ይሆናል። የድሮው ቸርኬ ለአዲሱ አይገባም።

በ2007 አፍንጫው ሰፋ። የሰፋው ለጌጥ አይደለም፣ 4.5 ሊትር ቪ 8 ናፍጣ ሞተር ለማስገባት ነው። ጉልበቱ የሚያስቀና ነው። ነገር ግን ቪ 8ቱ ላይ የፊት ጎማዎች ርቀት ከኋላዎቹ ወደ 9 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይበልጣል። በደረቅ መንገድ ማንም አያስተውለውም። በኛ ጭቃ ግን የኋላው ጎማ የፊቱን ዱካ አይከተልም፣ ራሱ አዲስ ቦይ እየቆፈረ ነው የሚሄደው። ክረምቱ ከዓመቱ እኩሌታ ለሚበልጥበት አገር ይሄን ማወቅ ጥሩ ነው።

በዚያው ዓመት ግን የድሮው 4.2 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር አልጠፋም። ለአፍሪካና ለሌሎች ገበያዎች መሸጡ ቀጠለ። ስለዚህ ሁለት «2007 ሞዴል» ላንድክሩዘር ጎን ለጎን ቆመው አንዱ የአያት ሞተር፣ አንዱ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ቪ 8 ሊኖራቸው ይችላል። ዓመቱ አንድ፣ መኪናው ሁለት!

በ2023 ደግሞ የፊቱ መብራት እንደ ጥንቱ ክብ ሆነና 2.8 ሊትር ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ገባለት። «ሞተሩ አነሰ፣ ደከመ» እንዳትሉ። የድሮው 4.2 ወደ 130 የፈረስ ጉልበት ነው ያለው፣ አዲሱ 2.8 ደግሞ 204። አነስ ብሎ የሚበልጠው በተርቦና በኮምፒውተር ስለሚሠራ ነው። ጥያቄው «ይበልጣል ወይ?» አይደለም። «ሲበላሽብኝ ማን ይሠራልኛል?» ነው።

ሃይሉክስም ላይ ያው ነው። የድሮው ሞተር ፖምፓው ሜካኒካል ነው። ዲ-4ዲ የሚባለው ሲመጣ ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት በኮምፒውተር እየመጠነ የሚረጭ ሆነ። በ2015 አዲሱ ትውልድ ሲወጣ 2.4 እና 2.8 ሊትር ሞተር ገባ፣ በ2020 ደግሞ የ2.8ቱ ጉልበት ተጨመረለት። እነዚህ ኢንጀክተሮች ለነዳጅ ቆጣቢ፣ ለጉልበት ጥሩ ናቸው። ግን ንጹሕ ናፍጣ ይፈልጋሉ። ማደያ ሲደርቅ በጄሪካን ከመንገድ ዳር የምንገዛውን ውሃና ቆሻሻ ያለበት ናፍጣ አይወዱም።

ታዲያ የትኛው ሞተር እንዳለው በምን ይታወቃል? በደላላ አፍ ሳይሆን በጽሑፍ። ሞተር ቤቱ ውስጥ ወይም በሩ አካባቢ የተለጠፈች ትንሽ የሞዴል ቆርቆሮ አለች። ላንድክሩዘር ላይ ኤች ዜድ ጄ 79 ካለ የድሮው 4.2 ነው። ቪ ዲ ጄ 79 ካለ ቪ 8 ነው። ጂ አር ጄ 79 ካለ ቤንዚን ነው። ጂ ዲ ጄ 79 ካለ አዲሱ 2.8 ነው። ሃይሉክስ ላይ ደግሞ ኤል ኤን የድሮው፣ ኬ ዩ ኤን ዲ-4ዲ፣ ጂ ዩ ኤን ከ2015 ወዲህ ያለው ነው። የሚቆጠረው በእንግሊዝኛ ፊደል ስለሆነ ልጆቻችሁ ያነቡላችኋል። በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ ሊብሬው ላይ ካለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ጋር አስተያዩ።

አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከኮሌጅ እንደወጣሁ አዲስ ቴክኖሎጂ ሁሉ ጥሩ ነው ብዬ ነበር የማምነው። ሌላ ወረዳ ስሠራ አንድ የገበሬዎች ቡድን ሐሳብ ሲጠይቀኝ «አሮጌውን ተዉት፣ አዲሱን ግዙ» አልኳቸው። ገዙ። በለቀማ ወቅት አንድ ከሰዓት እሸት ቡና ሙሉ ጭነው ሲሄዱ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በራ፣ መኪናው ጉልበት አጥቶ ዳገት ላይ ቆመ። የአካባቢው መካኒክ መጣ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ የድሮውን ሞተር ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታል። ይሄን ግን ከፍቶ አየና «ወንድሜ፣ ይሄ ኮምፒውተር ይፈልጋል» አለ። ኮምፒውተር ያለው ሰው እስኪመጣ ሦስት ቀን ፈጀ። ቀይ እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ምን እንደሚሆን ለእናንተ አልነግራችሁም። ያ ቡና ተቃጠለ። ከመካከላቸው አንዲት እናት ምንም አላሉኝም። «አይዞህ፣ አንተ ምን ታረግ» ብቻ አሉኝ። እስከዛሬ የሚያመኝ ያ «አይዞህ» ነው። መኪናው መጥፎ አልነበረም። ለዚያ መንገድ፣ ለዚያ ነዳጅና ለዚያ መካኒክ አልነበረም የተሠራው። እኔ ያልጠየቅኩት ይሄን ነው።

ስለዚህ ለነዚያ አርሶ አደሮች ያልኳቸውን ለእናንተም ልበል። ከአስፋልት ርቃችሁ፣ ጭቃ ውስጥ፣ ናፍጣ በጄሪካን እየገዛችሁ የምትሠሩ ከሆነ በደንብ የተያዘ የድሮ ኤች ዜድ ሞተር ከአዲሱ ይሻላችኋል። ጎታታ ነው፣ ዳገት ላይ ያስተዛዝባል፣ ግን ብዙ መካኒክ ያውቀዋል። ከመቱ ጎሬ፣ ከመቱ በደሌ አስፋልቱን ይዛችሁ የምትመላለሱ፣ ከታወቀ ማደያ የምትቀዱ፣ በወቅቱ ሰርቪስ የምታስደርጉ ከሆነ ደግሞ አዲሱን አልከለክልም። ነዳጅ ይቆጥብላችኋል።

ወጣቶቹ «አንተ ወደ ኋላ እየጎተትከን ነው» ይሉኛል። ገብቶኛል። አንድ ነገር ላይ ደግሞ ትክክል ናቸው፣ እሱም ደህንነት ነው። እንደ አውስትራሊያ ባሉ ገበያዎች ላንድክሩዘር ፒካፕ ላይ የአየር ከረጢት በ2009፣ ጎማ እንዳይቆልፍ የሚያደርገው ኤ ቢ ኤስ ፍሬን በ2012 ገብቷል። እኛ ጋ ያሉት ሁሉ ግን ይሄ የላቸውም። ገዢ አገር ሲለያይ ዕቃውም ይለያያል። የአየር ከረጢት ያለው መሪው ላይ ተጽፎበታል፣ ኤ ቢ ኤስ ያለው ቁልፍ ሲከፈት ዳሽቦርዱ ላይ መብራቱ በርቶ ይጠፋል። በእርጥብ ቁልቁለት ይሄ ነፍስ ያድናል። ዋጋቸው ተቀራራቢ ከሆነ፣ ሞተራቸውም አንድ ከሆነ፣ እሱ ያለውን ምረጡ። ግን ደግሞ አንድ ነገር አንርሳ፦ ጭነት ላይ ለተሳፈረ ሰው የአየር ከረጢት የለውም። 10 ኩንታል ገደማ ለመጫን የተሠራን ፒካፕ 20 ኩንታል ጭነን፣ በላዩ ላይ ስምንት ሰው ሰቅለን፣ «ኤ ቢ ኤስ አለው» ማለት ራስን ማታለል ነው።

አሮጌው ላይም ዓይናችሁን አትጨፍኑ። የ4.2ቱ ሞተር የታይሚንግ ቺንጋ በ100,000 ኪሎ ሜትር ግድም መቀየር አለበት። ሻጩ መቼ እንደተቀየረ ካላወቀ ዋጋውን ከሒሳቡ ላይ ቀንሱና ገዝታችሁ ወዲያው ቀይሩት። ከተበጠሰ ሞተሩን ይዞ ነው የሚሄደው። ቺንጋ ላይ የሚቆጥብ ሰው ዘር ቆጥቦ መሬቱን ባዶ እንደሚተው ነው።

ዋጋውን በተመለከተ፣ የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን በጣም አክብዶታል። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም የመለዋወጫ ዋጋ ተሰቅሏል። ስለዚህ መኪናውን ለመግዛት ያላችሁን ብር በሙሉ አትጨርሱ። ለጎማ፣ ለቺንጋ፣ ለፍሬን የሚሆን አስቀሩ። አስቀርቶ የሚተርፍ ከሌለ፣ ዘንድሮ አይሱዙ በጋራ ተከራይታችሁ ማሳለፍ ነውር የለውም። መኪና ከሌለው ገበሬ ይልቅ የቆመ መኪና ያለው ገበሬ ነው የሚከስረው።

እነዚያ አርሶ አደሮች እስካሁን አልገዙም። ኦቦ «ልጄ፣ ቆርቆሮዋን ፎቶ አንስተን እንልክልሃለን» ብለውኛል። ደላላው ትንሽ ተቆጥቷል፣ ምን ላርግ። እናንተም ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት የምታምኑትን መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ፣ ቀዝቃዛ ሞተር ላይ አስነሱት፣ ጭቃ ላይ ንዱት፣ ለመካኒኩም «ይሄ ቢበላሽ አንተ ትሠራዋለህ?» በሉት። «አዎ» ካለ ግማሹን ፈተና አልፋችኋል።

መልካም የለቀማ ወቅት፤ ቡናችሁ በሰላም ይግባ!