የወይና ደጋው ስምና የስንዴው ማሳ

«ወይና ደጋ» የሚለው ስም ከወይንና ከደጋ የተገኘ መሆኑን የሚስተው ሰው የለም። ከደጋው ጫፍ ተነሥቶ እስከ ዓባይ በረሃ የሚወርደው የደብረ ኤልያስ ምድር ሰፊው ክፍል በዚሁ ስም የሚጠራ ሲሆን፣ የሚታወቀው ግን በስንዴው፣ በጤፉና በበቆሎው ነው እንጂ በወይን አይደለም። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ18ኛው ምእት ዓመት ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ወይን ሲለማ ማየቱን ጽፏልና ስሙ ያለ ምክንያት የወጣ አይመስልም። የመስኖና የፍራፍሬ ልማት ነገር በሚነሣበት ሁሉ «ቀዝቃዛ አገር ውድ ወይን ያበቅላል» የሚለው አባባልም ከገበሬ ማኅበራት መሪዎች ጆሮ መድረሱ አይቀርም። አባባሉ እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ አንድ ቃዳ የስንዴ ማሳ ለወይን ከመለቀቁ አስቀድሞ ቅዝቃዜው ምን ዐይነት ቅዝቃዜ እንደ ሆነ ተለይቶ መታወቅ ይኖርበታል።

ለዚህ አባባል ዋናው ምስክር ሻርዶኔ የሚባለው ነጭ ወይን ነው። ስሙን በፈረንሳይ አገር በቡርጎኝ ከምትገኝ አንዲት መንደር ጋር ይጋራል። እ.ኤ.አ. በ1999 ይፋ የሆነ የዘር ምርመራ እንዳረጋገጠው፣ ሻርዶኔ የተወለደው ፒኖ ከሚባለው የተከበረ ወይንና የድሀ ገበሬ ተክል ተብሎ ይናቅ ከነበረው ጉዌ ብላን ነው። ገበሬ ሊኮራበት የሚገባ የትውልድ ሐረግ ነው።

በቡርጎኝ ሰሜናዊ ጫፍ ሻብሊ የምትባል አገር አለች። የሻብሊን ስም ይዞ ለገበያ የሚወጣ ወይን ከሻርዶኔ በቀር ሌላ ዘር ሊገባበት አይችልም። እዚያ የወይኑ ሐረግ በብርዱ ወራት ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ ፀደይ ሲመጣ ያቆጠቁጣል፤ ፍሬው የሚያድገውና የሚበስለው ቀኑ ረጅም፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ በሆነበት ወራት ነው። ፍሬ በበሰለ ቁጥር ጣፋጭነቱ ይጨምራል፣ ጎምዛዛነቱ ይቀንሳል። ሌሊቱም በሚሞቅበት አገር ጎምዛዛነቱ ፈጥኖ ስለሚጠፋ፣ ወይኑ አናት የሚመታ እንጂ ለዛ ያለው አይሆንም። ቀዝቃዛው ሌሊት ግን ጎምዛዛነቱን ይጠብቅለታል። የሻብሊ ወይን ዋጋም ከዚህ ይጀምራል።

አሠራሩ ለጎጃም ባለሙያ ሴቶች እንግዳ የሚሆን አይደለም። ለላቀው ደረጃ የሚሆነው ፍሬ ብዙውን ጊዜ በእጅ፣ ፀሐይ ሳይበረታበት ይለቀማል። ዘለላው እንዳለ በቀስታ ይጨመቅና ጭማቂው ከልጣጩ ወዲያው ይለያል፤ ቀይ ወይን የሚለየው ከልጣጩ ጋር አብሮ በመፍላቱ ነው። ጭማቂው በቀዝቃዛ ቦታ አድሮ ከሰከነ በኋላ እርሾው ሥራውን ይጀምራል። በአንድ ሊትር ጭማቂ ውስጥ ያለ 17 ግራም ያህል ስኳር 1 በመቶ አልኮል ይሆናል። ጠማቂዎቹ ሙቀቱን አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውስጥ ይጠብቁታል፤ ከዚያ ካለፈ መዓዛው በኖ ይጠፋል። ብርዝ በቆላ ፈጥኖ፣ በደጋ ቀስ ብሎ እንደሚፈላ የምታውቅ ጠጅ ጣይ ይህን ብትሰማ አትደነቅም።

ከዚህ ቀጥሎ ሁለተኛ ለውጥ ይመጣል። በአረንጓዴ ፖም ውስጥ የሚገኘውን ጎምዛዛ አሲድ ጥቃቅን ሕዋሳት እርጎ ውስጥ ወዳለው ለስላሳ አሲድ ይለውጡታል። ወይኑ ከዚያ በአተላው ላይ ለወራት ይቀመጣል፤ አንዳንዱ ጠማቂ አተላውን በየጊዜው እያማሰለ ጣዕሙን ያወፍረዋል። የሚቀመጥበትም ዕቃ ይለያያል። ባሉጥ ከሚባለው ዛፍ የተሠራ በርሜል፣ በወይራ የታጠነ ጋን ለጠጅ እንደሚያደርገው ሁሉ ለወይኑ የራሱን ሽታ ይሰጠዋል፤ በሻብሊ ግን ብዙዎቹ የፍሬው ጠባይ እንዳይሸፈን ሲሉ የብረት ጋን ይመርጣሉ። 75 ሳንቲ ሊትር ለሚይዝ አንድ ጠርሙስ ከ1 ኪሎ ግራም በላይ ፍሬ ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ያለ ጭንቅ የሚገኝ አይደለም። በሻብሊ እምቡጡ ብቅ ባለ ሰሞን ውርጭ ሲወርድ ገበሬው ሌሊቱን ሙሉ በማሳው እሳት ሲያነድ፣ ወይም እምቡጡ በስስ በረዶ ተሸፍኖ ከባሰው ብርድ እንዲድን ውሃ ሲረጭ ያድራል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወረደው ውርጭ እንዲህም ተደክሞ ብዙ ምርት አጥፍቷል። የመጥመቂያውን ወጪ ለብቻ መሸከም የከበዳቸው የሻብሊ ወይን አልሚዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1923 ላ ሻብሊዝየን የተባለውን የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ ዛሬም ከአካባቢው ወይን አራተኛውን እጅ ያህል የሚጠምቅ ነው። የማኅበር መሪዎች ከወይኑ ይልቅ ይህን ልብ ቢሉት ይጠቅማቸዋል።

ሻርዶኔ በኢትዮጵያም ምድር ተተክሏል። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በስምጥ ሸለቆ፣ በዝዋይ አጠገብ ከ100 ሄክታር በላይ ወይን አልምቶ፣ ከሌሎች ዘሮች ጋር ከሻርዶኔ የጠመቀውንም እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ አውጥቷል። ነገር ግን የዝዋይ ልማት የቆመው በብርድ ሳይሆን በፀሐይ፣ በመስኖና በብዙ ካፒታል ነው። ክረምቱ የሚያስተኛው ብርድ በሌለበት አገር ሐረጉን የሚያሳርፈውም ሆነ የሚቀሰቅሰው የገራዡ መቀስ ነው። ፋብሪካውም ከማሳው አጠገብ ነው።

እንግዲህ ደብረ ኤልያስን በዚህ ሚዛን ማየት ይገባል። ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ቀኑ ግን ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም፤ ሐረጉን የሚያስተኛ ረጅም የብርድ ወራትም የለም። ከሁሉ የሚከፋው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ ነው። ስንዴን ዋግ እንደሚመታው ሁሉ፣ ቅጠሉ ረጥቦ የሚውል ወይንን ሻጋታ ይመታዋል፤ መድኃኒቱም በየጊዜው የሚረጭና ገንዘብ የሚፈጅ ነው። ሐረጉ ለመልቀም የሚበቃው በሦስተኛው ዓመት ገደማ ሲሆን፣ የተለቀመው ፍሬ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ መጭመቂያ ካላገኘ ይበላሻል። በጥቂት ቃዳ ቤተሰብ የሚመግብ ገበሬ ሦስት ዓመት ያለ እህል ሊጠብቅ አይችልም።

ስለዚህ የስንዴ ማሳ ለወይን መለቀቅ የለበትም። በጓሮ፣ በበጋ መስኖ ውሃ፣ ለገበታ የሚሆን ጥቂት እግር ወይን ተክሎ ከዝናቡ በፊት እንዲደርስ አድርጎ መግረዝን መሞከር ግን የሚከለከል አይደለም። መሬት ለወይን የሚጠይቅ ባለ ሀብት ቢመጣም መጭመቂያው የት እንደሚተከል፣ የሻጋታውን መድኃኒት ማን እንደሚገዛ፣ በሦስቱ ዓመታት ገበሬው ምን እንደሚበላ በጽሑፍ እንዲመልስ መጠየቅ የመሪዎች ድርሻ ነው።

የሻብሊ ብልሃት ሳይውል ሳያድር ሊሠራበት የሚችለው በማሩ ነው። ከመስቀል በኋላ ከመችና ከአደይ አበባ የሚቆረጠው ማር፣ በበልግ ከብሳና ከሚገኘው በመልክም በጣዕምም ይለያል። ሆኖም ሁለቱ በአንድ እንስራ ተደባልቀው፣ ሰፈፉም ሳይጣራ በአንድ ዋጋ ለጠጅ ቤት ይሸጣሉ። ሻብሊ አንድን ዘር ከሌላው ሳትቀላቅል ስሟን እንዳስከበረች፣ የማር አምራቾች ማኅበርም በየአበባውና በየወቅቱ ለይቶ፣ የቀበሌውን ስም ጽፎበት ለገበያ ማውጣት ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ክዳን ያለው ንጹሕ ዕቃና መዝገብ የሚይዝ አንድ ሰው ነው። የኅዳሩ ቆረጣ ከመድረሱ በፊት፣ በመስከረሙ ስብሰባ ሊወሰን የሚችል ጉዳይ ነው።