በዛብህ ስእለት አፍርሷልን?



ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚሄድ ሰው ማንኩሳን ያልፋል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የበዛብህ አገር ማንኩሳ ናት። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ከተረከው ወዲህ ግን ፊደል ያልቆጠረውም በዛብህን እንደ ጎረቤት ልጅ ያውቀዋል። እንደ ጎረቤት ልጅም ያማዋል፤ ልብ ወለድ መሆኑ ተረስቷል።

ሰሞኑን ከወጣቶች ኅብረት በኋላ የበዛብህ ነገር ተነሥቶ ነበር። አንዲት እህት «ፈሪ ነው፤ ሰብለ ወንጌልን ትቶ ሸሸ» አለች። እውነቷን ነው፤ ሸሽቷል። አንድ የማከብራቸው ሽማግሌ ግን «መሸሹስ ይቅር፤ ለእግዚአብሔር የተሰጠ ሰው ሴት ወደደ። ስእለት አፍርሶ ነው እንዲያ ሆኖ የቀረው» አሉ። ብዙዎች አሜን አሉ።

እኔ አሜን አላልሁም።

የተሳለው ማን ነው? ልጁ ሳያገባ ቤተ ክርስቲያን ሲያገለግል እንዲኖር የተሳሉት አባትና እናቱ ናቸው። እሱን ማንም አልጠየቀውም። በዘዳግም 23 ስእለትህን ክፈል የተባለው የተሳለው ሰው ነው፤ ባይሳል ደግሞ ኃጢአት እንደማይሆንበት እዚያው ተጽፏል። ዘሌዋውያን 27ን ደግሞ አንብቡት። በስእለት ለተሰጠ ሰው የሚከፈል ግምት ተቆርጦለታል፤ ከአንድ ወር እስከ አምስት ዓመት ላለ ወንድ ልጅ 5 ሰቅል ብር ነው። አባቱ ድሀ ከሆነ ካህኑ እንደ አቅሙ ይገምትለታል። እግዚአብሔር በ5 ሰቅል የሚለቀውን ልጅ እኛ በሞቱ እንኳ አንለቀውም!

«ሐናስ ሳሙኤልን ሰጥታ የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ሰጥታለች። ነገር ግን ጌታ ራሱ ሳሙኤልን በሌሊት በስሙ ጠራው፤ የእናቱ ስእለት ጥሪውን አልተካለትም። ደግሞም ሳሙኤል ልጆች ወልዷል፤ ምዕራፍ 8ን ተመልከቱ።

«ይህ የድሮ ሰዎች ልማድ ነው፣ እኛን አይመለከትም» የሚል ካለ ደግሞ አልስማማም። ሕፃን ይዘን መድረክ ላይ ቆመን «ይህ ወንጌላዊ ነው» ስንል ማን ይከለክለናል? ልጁ አድጎ ሌላ ሥራ ሲመርጥ «ጌታን ከዳ» የምንለውም እኛው ነን።

የምናገረው ከራሴ ቤት ነው። ሁለተኛው ልጄ በሁለት ዓመቱ በወባ ሲንቀጠቀጥ፣ ቢተርፍ ለአገልግሎት እሰጠዋለሁ ብዬ ተሳልሁ። ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ጊታር ሲያነሣም፣ ኳስ ሲጫወትም፣ በትምህርት ሲደክምም «አንተ የጌታ ነህ» እለው ነበር። ይህ ቃል በኔ አፍ በረከት ነበር፤ በእሱ ጆሮ ግን ምን እንደ ነበር አልጠየቅሁትም። ዘንድሮ ከእኔ ጋር መጸለይ ተወ።

ከሁለት ሳምንት በፊት ኤሌክትሪክ ለመማር የሞላውን ፎርም ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ፤ የወላጅ ፊርማ ይፈልጋል። መጽሐፍ ቅዱሴን ደረብሁበት፤ እንዳላየሁ ሆንሁ።

ከዚያ ክርክር የተመለስሁ ማታ አውጥቼ ፈረምሁበት። እናቱ ወስዳ ሰጠችው። እሱ እስካሁን አላናገረኝም። ሽማግሌውን ደግሞ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ቡና ጋብዣቸዋለሁ፤ ዘሌዋውያን 27ን አብረን እናነባለን።