የተቀባ ቱርቦ

አጎቴ አምና አሮጌ አይሱዙ ገዙ። ጋቢናው ሲገለበጥ ቱርቦውና የጭስ ማውጫው በብርማ ቀለም ተቀብተው እንደ ሙሽራ ያበሩ ነበር። ከገራዶ ወደ ደሴ የሚያወጣውን ዳገት ሳያጋምሱት ግን ቀለሙ ጨሰ፤ ተላጠ፤ ከሥሩም ስንጥቅ ብቅ አለ። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ሞተር ምን አገባው? የሚለኝ ቢኖር፣ የኪስ ገንዘቤ ከዚያው መኪና ነው።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ መቀባቱን አልነቅፍም። ነገር ግን ሽቅብ ሲወጣ ቱርቦው ውስጥ የሚገባው ጭስ ከ500 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ የበር ቀለም ይህን ከቶ አይችለውም። ሙቀት የሚችለውም ቀለም ቢሆን ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ፣ ዘይቱ ታጥቦ፣ ስስ ስስ ተደርጎ ይቀባና በሙቀት ቀስ በቀስ ይጋገራል። ዝገቱን የሚፍቅ ሰው ስንጥቁን ማየቱ አይቀርም፤ ያ ሻጭ የሸሸውም ይህንኑ ይመስለኛል። እኔስ የዛገውን ቱርቦ አሳዩኝ እላለሁ፤ በዋጋው እንነጋገራለን።