የዶሮ ቀለብና የዱቄት ትል

«ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» እየተባለ በአገር ይተረታል። ተረቱ እውነት ቢሆንም የዶሮን ጠባይ ሁሉ አይጨርስም፤ ጓሮውን የተመለከተ ሰው እንደሚያውቀው፥ ዶሮ አፈር ስትጭር ትል ያገኘች እንደ ሆነ የተበተነላትን ጥሬ ትታ ወደ ትሉ ትሮጣለች። ሥጋዋን የሚገነባውንና እንቁላሏን የሚያስገኘውን ፕሮቲን የተባለውን ምግብ ትል ከበቆሎ ይልቅ አብዝቶ ይዟልና ምርጫዋ ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ከሜዳ ተነሥታ በቤት ከተዘጋባት ወዲህ ይህን ሲሳይ አጥታለች፤ በምትኩም ባለቤትዋ በቆሎ፥ አኩሪ አተርና የኑግ ፋጉሎ እየገዛ ይቀልባታል።

ዶሮ ማርባትን የሞከረ ሰው ሁሉ እንደሚመሰክረው፥ ከወጪው ከእኩሌታ የሚበልጠውን የሚወስደው ቀለብ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን እንቁላል ፈላጊው ሲያንስ እንኳ ዶሮ አትጾምምና ወጪው አያርፍም። ከዚህም ሌላ በቆሎና አኩሪ አተር የሰው ምግብም ስለ ሆኑ፥ ዶሮ በበዛች ቍጥር ከሰው ገበታ ጋራ የምትሻማበት እህል ይበዛል። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት በተባለው መርሐ ግብር ወተት፥ እንቁላል፥ የዶሮ ሥጋ፥ ማርና ዓሣ በየቤቱ እንዲበዛ መታሰቡ የሚመሰገን ነው፤ ዳሩ ግን ጫጩት መስጠት ብቻውን እንቁላል አያበላም። ጫጩቷን የተቀበለው ቤተ ሰብ ከልጆቹ አፍ ሳይነጥቅ ምን ይቀልባታል? የሚለው ጥያቄ አብሮ ሊመለስ ይገባዋል።

ጥያቄው የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2013 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት፥ ጥቃቅን ነፍሳት ለሰው ምግብና ለእንስሳት ቀለብ ስለሚሰጡት ጥቅም ሰፊ መጽሐፍ አሳትሟል። በናይሮቢ ከተማ በ1970 ዓ.ም. የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማእከልም በዚሁ ነገር ይደክማል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከላሞች የአእምሮ በሽታ የተነሣ ከእንስሳት የተገኘ ፕሮቲን ለእርባታ እንስሳት እንዳይሰጥ አጥብቆ ከልክሎ ሳለ፥ ሰባት ዐይነት ነፍሳትን ለይቶ በ2017 ዓ.ም. ለዓሣ፥ በ2021 ዓ.ም. ለዶሮና ለዐሣማ ቀለብ እንዲውሉ ፈቅዷል። ከሰባቱ አንዱ የዱቄት ትል የሚባለው ነው።

ይህ ትል ስሙ ትል ይባል እንጂ የመሬት ትል አይደለም፤ የአንድ ጥቁር ጥንዚዛ ልጅ ነው። እንስቲቱ ጥንዚዛ በዕድሜዋ በመቶ የሚቈጠር እንቁላል ትጥላለች። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል ሙቀቱ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ የሆነለት እንደ ሆነ በሁለት በሦስት ወር አድጎ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ መልኩም ወደ ብጫ የሚያደላ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሳይበላና ሳይሄድ ጥቂት ጊዜ ተኝቶ ጥንዚዛ ሆኖ ይነሣል። እንደ አዳማ ባለው ሞቃት አገር ዕድገቱ ይፈጥናል፤ በደጋ ግን ይዘገያልና ወደ ማድ ቤቱ ሙቀት ማስጠጋት ያስፈልጋል።

ለማርባት የሚያሻው ዕቃ በማንም ቤት አይታጣም። ግድግዳው ለስላሳ የሆነ የፕላስቲክ ሳፋ ወይም የቆርቆሮ ሣጥን ተወስዶ ጥቂት ጣት ያህል የስንዴ ፉርሽካ ይነጠፍበታል። ውሃ ማፍሰስ ሻጋታ ያመጣልና አይገባም፤ ትሉ እርጥበቱን ከካሮት፥ ከድንች ወይም ከጎመን ቍራጭ ያገኛል፤ ቍራጩም ሳይበሰብስ መለወጥ አለበት። ጥንዚዛዎቹ እንቁላላቸውንና የተኙትን ስለሚበሉ በየዕድሜያቸው በልዩ ልዩ ሳፋ መለየት ይገባል። ትሉ በወንፊት ተነፍቶ ሲወጣ፥ ከሥር የሚቀረው ኵሱ ለጓሮ አትክልት መልካም ፍግ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ነገሩን ከልክ አሳልፎ ማመስገን ሕዝብን ማሳሳት ነው፤ ስለዚህ ሒሳቡን ማየት ይሻላል። አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 110 ግራም ያህል ቀለብ ትበላለች፤ በውስጡም ወደ 17 ግራም የሚደርስ ፕሮቲን ያስፈልጋታል። ሕያው ትል ከመቶ 60 የሚያህለው ውሃ ስለ ሆነ፥ 10 ግራም ትል የሚሰጣት ፕሮቲን ወደ 2 ግራም ብቻ ነው። 10 ዶሮ ያለው ቤት ለእያንዳንዷ በቀን 10 ግራም ቢሰጥ በወር 3 ኪሎ ትል ያሻዋል፤ ለዚህም ከ6 እስከ 7 ኪሎ ፉርሽካ ይወጣል። እንግዲህ ትሉ የፋጉሎውን ወጪ ያቃልላል እንጂ የቀለቡን ሁሉ ቦታ አይተካም። ደግሞም ካልሲየም የተባለው ቅርፊት የሚያጠነክር ነገር በትሉ ውስጥ ጥቂት ስለ ሆነ፥ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ወይም ተቀቅሎ የተወቀጠ የእንቁላል ቅርፊት ሊጨመርበት ይገባል። በአንድ ሳፋ ባለጠጋ ትሆናላችሁ የሚል ሰው የሚሸጠው ትል ሳይሆን ተስፋ ነው።

ትልን በገዛ ቤት ማርባት ነውር የሚመስላቸው ብዙዎች እንደሚሆኑ የታወቀ ነው። አንዳንዱም ትል የበላች ዶሮ ለምእመናን ትበላለችን? ብሎ ካህናትን ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ ከጓሮው አይርቅም፤ ዶሮ ከጥንት ጀምራ ፍግ እየጫረች ትል ስትበላ ኖራለች፥ በዚህም ምክንያት ለፋሲካ ከመታረድ የከለከላት የለም። በንጹሕ ፉርሽካ ያደገ ትል በፍግ ውስጥ ካደገው ይልቅ የሚያስጸይፍበት ምክንያት አይገኝም። ይልቁንም ካህናት በበዓል ቀን የሚለብሱት ሐር የትል ሥራ መሆኑን፥ በመቅደስ የሚበራውም ጧፍ ከንብ ሰም መገኘቱን የሚያስብ ሰው ታናሹን ፍጥረት አይንቅም። ጠቢቡ ሰሎሞንም ሰነፉን ሰው ትምህርት እንዲቀበል የላከው ወደ ገብረ ጉንዳን እንጂ ወደ አንበሳ አልነበረም።

ከጸያፍነቱ ይልቅ ሊፈራ የሚገባው ሌላ ነገር ነው። የዱቄት ትል በዓለም ሁሉ የሚታወቀው በመጀመሪያ የእህል ጠላት ሆኖ ነው፤ በወፍጮ ቤትና በጎተራ ገብቶ ዱቄትና እህል ያበላሻል። ነቀዝ በየዓመቱ እህሉን ለሚበላበት ገበሬ ሌላ ባለጋራ በገዛ እጁ ማስገባት ታላቅ ጥፋት ይሆናል። ደግነቱ ትሉና ጥንዚዛው በለስላሳ ግድግዳ ላይ መውጣት አይችሉም፤ ጥንዚዛውም መብረር አያዘወትርም። ስለዚህ ሳፋው በወንፊት ሽቦ ተከድኖ፥ ከጎተራና ከዱቄት ማስቀመጫ ርቆ እንዲቀመጥ፥ ፍጹምም በእህል ነጋዴና በወፍጮ ቤት አጠገብ እንዳይደረግ ያስፈልጋል። ኵሱም ለፍግ ከመበተኑ በፊት እንቁላል እንዳይቀርበት በፀሓይ በሚገባ መድረቅ አለበት። ዘሩንም ከባሕር ማዶ በኪስ ደብቆ ማምጣት የአገርን እህል ለአደጋ ማጋለጥ ነውና ባለሥልጣኖቹ ሳይመረምሩት አይገባ። ለሚያረባውም ሰው ቢሆን የትሉ ትቢያ አንዳንዱን ያስነጥሳል፥ ደረቱንም ያፍነዋልና ሲነፋ አፍንጫን በጨርቅ መሸፈን ይበጃል። የወጥ ቤት ጥራጊና የበሰበሰ ነገርም ለትሉ አይሰጥ፤ ትሉ የበላው በሽታ ወደ ዶሮዋ፥ ከዶሮዋም ወደ ሰው ሊተላለፍ ይችላልና።

እንግዲህ በዚህ ነገር ሁለት ስሕተት ሊደርስ ይችላል፤ አንዱ በመጸየፍ መተው፥ ሁለተኛው በመቸኰል መበተን። ከሁለቱም የሚያድነው መንገድ የእርሻ ሹማምንት ራሳቸው አስቀድመው ሠርተው ማሳየታቸው ነው። በየወረዳው ያለው የግብርና ጽሕፈት ቤት ዘሩ በባለሙያ ተመርምሮ ሲፈቀድ በግቢው 10 ዶሮና ጥቂት ሳፋ አኑሮ፥ የገባውን ፉርሽካ በሚዛን፥ የተጣለውን እንቁላል በቍጥር ከፋሲካ እስከ ፋሲካ ይመዝግብ፤ የጠፋውንም የተረፈውንም ሳይሸሽግ በደጁ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ። ሒሳቡ አትራፊ ሆኖ ቢገኝ፥ ዶሮዋን የምትጠብቀውና የእንቁላሉን ዋጋ ለልጆችዋ ደብተር የምታውለው እመቤት አስቀድማ ትማረው። በገጠር የካህኑ ቃል በብዙ ቦታ ከባለሙያው ምክር ይልቅ ይሰማልና፥ ካህናትም ጠያቂው በመጣ ጊዜ ነገሩን አስቀድመው ዐውቀው ይጠብቁት። ሒሳቡ ኪሳራ ሆኖ ቢገኝ ግን የተጐዳው የአንድ መሥሪያ ቤት ሳፋ እንጂ የድኻው ጎተራ አይሆንም።