የጉዞውን ፈቃድ ከመፈረማችሁ በፊት

ትምህርት ቤት በተከፈተ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ አሜሪካ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ያላቸው ብዙ ወገኖቻችን ቤት አንድ ወረቀት ይገባል። የስፓኒሽ መምህሯ ተማሪዎቿን በስፕሪንግ ብሬክ ወደ ጓቲማላ፣ ወደ ኮስታሪካ ወይም ወደ ስፔን ይዛ ልትሄድ አስባለች። ዓላማው ልጆቹ በክፍል የተማሩትን ቋንቋ ከባለቤቱ ሕዝብ ጋር እንዲለማመዱት ነው። ከወላጅ የሚጠበቀው ፊርማና በየወሩ የሚከፈል ገንዘብ ነው። ያን ቀን ማታ ቤት ውስጥ ክርክር ይነሣል። አንዱ ወላጅ ለዐሥር ቀን ሽርሽር ይህ ሁሉ ዶላር ምን ሲባል ይወጣል ይላል፤ ሌላው ጓደኞቹ ሁሉ ሲሄዱ ልጃችን ለብቻው እንዴት ይቀራል ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት ለልጃቸው አስበው ነው፤ ዋናው ጥያቄ ግን ሳይነሣ ያድራል። ልጁ እዚያ በሚቆይባቸው ቀናት በቀን ስንት ሰዓት ስፓኒሽ መናገር ግድ ይሆንበታል? ቋንቋ የሚለመደው መናገር ግድ ሲሆን ነው፤ አገር መለወጥ ብቻውን አያስተምርም። መናገርን ግድ በማድረግ ላይ የቆመ ጉዞ የወጣበት ገንዘብ አይቆጭም፤ ያልቆመው ግን ከጉብኝት አያልፍም። በየሰመሩ ልጆቻችንን ወደ ኢትዮጵያ የምንወስድበትንም ጉዞ በዚሁ ሚዛን ልንመዝነው ይገባል።

ነገሩን በሰዓት እንቁጠረው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ዲፕሎማቶቹን የሚያሠለጥንበት ተቋም ቋንቋዎችን የሚመድበው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሰው ለሥራ የሚያበቃ ችሎታ እስኪያገኝ በሚፈጅበት ጊዜ ነው። ተቋሙ ለዓመታት ባስቀመጠው ግምት ስፓኒሽ ከቀላሎቹ ተመድቦ ከ600 እስከ 750 የክፍል ሰዓት ይጠይቅ ነበር፤ አማርኛ ከከባዶቹ ተመድቦ 1,100 ሰዓት ገደማ ተይዞለት ነበር። አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በቀን 45 ደቂቃ፣ በዓመት 180 ቀን ቢማር የሚያገኘው 135 ሰዓት ነው። አራቱን ዓመት ሙሉ ቢማር 540 ሰዓት ይሆናል፤ ይህም ከዝቅተኛው ልክ በታች ነው። ደግሞም 25 ተማሪ ባለበት ክፍል 45ቱ ደቂቃ እኩል ቢከፋፈል ለአንድ ልጅ ሁለት ደቂቃ የመናገሪያ ጊዜ እንኳ አይደርሰውም። አራት ዓመት ሙሉ በፈተና ጥሩ ውጤት ያመጣ ልጅ ገበያ ቆሞ ዋጋ መጠየቅ ሲያቅተው የምናየው ሰንፎ አይደለም፤ አፉን የሚያፍታታበት ጊዜ አላገኘም። አሁን ዐሥሩን የጉዞ ቀን እንይ። ልጁ ከተነሣበት እስከሚተኛበት በቀን 13 ሰዓት ተኩል በስፓኒሽ ቢኖር ድምሩ 135 ሰዓት ይሆናል፤ የአንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ሰዓት ማለት ነው። በቤተሰብ ገበታ ላይ የሚያልፍ ሰዓትና የክፍል ሰዓት አንድ እንዳልሆኑ ግልጽ ነው፤ ሰዋስው በክፍል ይሻላል፣ አፍ የሚፈታው ግን በገበታው ነው። ቁም ነገሩ ያለው “ቢኖር” በምትለዋ ቃል ላይ ነው፤ ልጁ እነዚያን ሰዓታት ከጓደኞቹ ጋር በእንግሊዝኛ ካሳለፋቸው ሒሳቡ ይፈርሳል።

ይህን ተመራማሪዎችም ፈትሸውታል። እ.ኤ.አ. በ2004 ኖርማን ሴጋሎዊትዝና ባርባራ ፍሪድ፣ በስፔኗ አሊካንቴ ከተማ አንድ ሴሚስተር የተማሩ አሜሪካውያንን እዚያው አሜሪካ ሆነው ስፓኒሽ ከተማሩት ጋር አነጻጽረው ነበር። በንግግር ቅልጥፍና ስፔን የሄዱት የተሻለ ለውጥ አሳዩ። እስከዚህ ድረስ ጉዞ ይጠቅማል የሚለውን ወገን የሚደግፍ ነው። በዚያው ዓመት ግን ሁለቱ ከዳን ዱዊ ጋር ሆነው ሌላ ውጤት አወጡ። ፈረንሳይኛ የሚማሩ ሦስት ቡድኖችን ሲያወዳድሩ፣ በቅልጥፍና ከሁሉ የበለጡት ፈረንሳይ የሄዱት ሳይሆኑ፣ አሜሪካ ውስጥ ከሚማሩት ቋንቋ በስተቀር ሌላ አንናገርም ብለው በገቡበት የሰመር ትምህርት ቤት የከረሙት ሆነው ተገኙ። ከክፍል ውጭ ፈረንሳይኛ ብዙ የተናገሩት እነዚህ ነበሩ፤ ፈረንሳይ የሄዱት ግን ብዙውን ጊዜያቸውን በእንግሊዝኛ አሳልፈዋል። በጥቂት ተማሪዎች ላይ የተሠራ ጥናት ስለሆነ የመጨረሻ ፍርድ ልናደርገው አይገባም፤ ይሁን እንጂ የሚያመለክተው አቅጣጫ ግልጽ ነው። ለእንዲህ ያለ የሰመር ትምህርት ቤት ምሳሌ የሚሆነው፣ በቬርሞንት ግዛት የሚገኘው ሚድልበሪ ኮሌጅ፣ የሰመር ቋንቋ ትምህርት ቤቶቹን የጀመረው በ1915 ነው፤ ተማሪ ሲገባ በሚማረው ቋንቋ ብቻ ሊናገር ቃል ገብቶ ይፈርማል። ልዩነቱን የሚያመጣው ይህ ቃል ኪዳን ነው።

ስለዚህ የጉዞውን መርሐ ግብር በዚህ ዓይን እንየው። አንዱ ዓይነት ጉዞ ከማድሪድ ወደ ቶሌዶ፣ ከቶሌዶ ወደ ሴቪያ፣ ከዚያ ወደ ባርሴሎና በአውቶቡስ የሚሮጥ ነው። አስጎብኚው የሚያስረዳው በእንግሊዝኛ ነው፤ ልጆቹ ሆቴል የሚያድሩት ሦስትና አራት እየሆኑ ነው፤ ስፓኒሽ የሚናገሩት ውኃና አይስክሬም ሲገዙ ብቻ ነው። ብዙ ያያሉ፤ ቋንቋው ግን በነበረበት ይመለሳል። ሌላው ዓይነት አንድ ቦታ የሚረጋ ነው። ለምሳሌ አንቲጓ ጓቲማላን እንውሰድ። ይህች ከተማ በ1773 የመሬት መንቀጥቀጥ ካፈራረሳት በኋላ መዲናነቷን ያጣች ስትሆን፣ ዛሬ ከአሮጌ አብያተ ክርስቲያናቷ ፍርስራሽ እኩል የምትታወቀው በስፓኒሽ ትምህርት ቤቶቿ ነው። በተለምዶ ጠዋት ጠዋት አንድ መምህር ከአንድ ተማሪ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ለአራት ሰዓት ያህል ያናግረዋል፤ ምሳና እራት የሚበላው፣ የሚያድረውም እዚያው ከተማ ቤተሰብ ዘንድ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ስለሆነች ሌሊቷ ይበርዳል። ልጁ ብርድ ልብስ ይፈልጋል። በክፍል የተማረው ቃል “ማንታ” ነው፤ የቤቱ እመቤት ግን ደጋግማ “ቻማራ?” ትለዋለች። ሜክሲኳዊ ጓደኛ ካለው ቻማራ የሚያውቀው ጃኬት ሆኖ ነው፤ ጓቲማላ ውስጥ ብርድ ልብስ ነው። እጁን እያወናጨፈ፣ እየተሳሳተ፣ እየታረመ ብርድ ልብሱን ያገኛል። ያችን ቃል ዕድሜውን ሙሉ አይረሳትም፤ ምክንያቱም የተማራት ሲበርደው ነው።

የሚነሡት ሥጋቶች ቀላል አይደሉም፤ ሊናቁም አይገባም። ልጄን፣ በተለይ ሴት ልጄን፣ የማላውቀው ሰው ቤት እንዴት አሳድራለሁ የሚል ወላጅ ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል። መልሱ መከልከል ሳይሆን መመርመር ነው፤ አሳዳሪ ቤተሰቦቹን ማን እንደመረጣቸው፣ ትምህርት ቤቱ ስንት ዓመት ተማሪ እንደላከላቸው፣ መምህሯ ከቤቱ ምን ያህል ርቀት ላይ እንደምታድር፣ ልጆቹ ሌሊት ቢታመሙ ማን እንደሚደርስ በዝርዝር ይጠየቅ። ለደኅንነት ሲባል ሁለት ልጆች አንድ ቤት ቢመደቡም ጉዳት የለውም፤ ማዕድ ላይ እንግሊዝኛ እንዳይነገር ስምምነት ይኑር እንጂ። ገንዘቡን በሚመለከት፣ ትምህርት ቤቶች አቅም ለሌላቸው ድጎማ ወይም የገቢ ማሰባሰቢያ ሊኖራቸው ይችላል፤ አፍረን ሳንጠይቅ የምንቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የጉዞ ሰነድ ይታይ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ልጅ፣ የአሜሪካ ፓስፖርት የያዙ ጓደኞቹ የማይጠየቁትን ቪዛ ሊጠየቅ ይችላል። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያላለቀ ልጅ ደግሞ የመመለሻ ፈቃድ በእጁ ሳይኖር ከአሜሪካ ከወጣ ጉዳዩን እንደተወው ሊቆጠርበት ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ያለበት ቤተሰብ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ጠበቃ ያማክር።

ከሁሉ ጠልቆ የሚሰማው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው፤ ልጁ አማርኛውን በቅጡ ሳያውቅ ለስፓኒሽ ይህን ያህል መልፋት ምን ይባላል የሚለው። ቁጭቱ የእኔም ቁጭት ነው። ሆኖም ሁለቱን ቋንቋዎች እንደ ባላንጣ ማየት ስሕተት ነው። አማርኛ የሚያውቅ ልጅ ወደ ስፓኒሽ ሲገባ ባዶ እጁን አይገባም። ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕ ብሎ ፊደል የቆጠረ ልጅ አምስቱንም የስፓኒሽ አናባቢዎች ይዟል። እንግሊዝኛ ብቻ የሚናገረው ጓደኛው የሚቸገርበት ድምፅ ለእሱ ያው የእኛ “ኝ” ነው፤ ስፔኖች ቋንቋቸውን “ኤስፓኞል” ሲሉ “ኞ” ውስጡ አለች። “አብሎ” ማለት “እናገራለሁ” ማለት ነው፤ በሁለቱም ቋንቋ ተናጋሪው ማን እንደሆነ ግሡ ራሱ ስለሚናገር “እኔ” ማለት አያስፈልግም። በስፓኒሽ ታላቅ ሰው ሲያናግሩ “ቱ” (አንተ) ቀርቶ “ኡስቴድ” (እርስዎ) ይባላል፤ ግሡም ስለ ሌላ ሰው እንደሚወራ ሆኖ ይለወጣል። እኛም “እርስዎ ይናገራሉ” ስንል ግሡ “እነሱ ይናገራሉ” ከምንለው ጋር አንድ ነው። ይህን አክብሮት ለአሜሪካዊ ተማሪ ብዙ ሰዓት ወስዶ ማስረዳት ይጠይቃል፤ አያቱን አንቱ ማለት የለመደ ልጅ ግን ወዲያው ይገባዋል። ስለዚህ ስፓኒሹን መከልከል አማርኛውን አያድነውም። ይልቅ ልጁ የቤቱ ቋንቋ ሀብት መሆኑን በሌላ ቋንቋ በኩል ሊያየው ይችላል።

አማርኛውን የሚያድነው ስፓኒሽን ያስተማረውን ዘዴ መውረስ ነው። ብዙዎቻችን ሰመር ላይ ልጆቻችንን ይዘን ኢትዮጵያ እንገባለን፤ የቲኬቱ ወጪ ብቻውን የትምህርት ቤቱን ጉዞ ሊያስንቅ ይችላል። ልጁ ግን አገር ቤት ከርሞ ከ“እሺ” እና ከ“አመሰግናለሁ” ብዙም ሳይጨምር ይመለሳል። ምክንያቱ ያው ነው፤ አማርኛ መናገር ግድ አልሆነበትም። የአጎቱ ልጆች በእንግሊዝኛ የሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት የሚማሩ ስለሆኑ እንግሊዝኛቸውን ይለማመዱበታል። ምግብ ቤት አባቱ ያዝዝለታል። ላሊበላን በእንግሊዝኛ አስጎብኚ ያየዋል። ደፍሮ አማርኛ የተናገረ ቀን ደግሞ ሌላ እንቅፋት ያገኘዋል፤ አያቱን “አንተ” ሲል፣ ወንዱን በሴት ጾታ ሲጠራ ዘመድ ሁሉ ይስቃል። ሳቁ የፍቅር ነው፤ ለዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ግን አፍ ያስይዛል። የአንቲጓዋ እመቤት ባዕድ ሆና ሳለ በትዕግሥት ትሰማዋለች፤ የገዛ ዘመዶቹ በፍቅራቸው ዝም ያሰኙታል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ ቋንቋው የሚሄደው በእንዲህ ያለ ደስ በሚል ቀን ነው።

ዘመድ ጥየቃ ትምህርት ቤት አይደለም፣ ልጆቹ ፍቅር ይጥገቡበት የሚል አለ። እውነት ነው፤ ግን አያት የምትለውን የማይሰማ የልጅ ልጅ ፍቅሯን በግማሽ ነው የሚያገኘው። ከአንድ ወር ቆይታ ሁለት ሳምንቱ ቢታቀድ የሚጎድል ነገር የለም። ወላጆች ለጊዜው ዞር ይበሉና ልጁ እንግሊዝኛ ከማይችል ዘመድ ቤት ይደር። ጠዋት ሁለት ሰዓት የሚያስተምረው የአማርኛ መምህር ይቀጠርለት፤ ከሰዓት ሱቅ ይላክ፣ መልሱን ቆጥሮ ይምጣ። የአጎት ልጆች በእንግሊዝኛ የሚያወሩበት ሰዓት ተለይቶ ይታወቅ። ዘመዶች እንዳይስቁበት፣ ሲሳሳት ትክክለኛውን ብለው እንዲያልፉ አስቀድሞ በስልክ ይለመኑ። በሰነድ፣ በገንዘብ ወይም በሰላም ዕጦት ምክንያት መሄድ የማይችለውም ቤተሰብ ብዙ ነው። ለእሱ ከሚድልበሪ የተሻለ ማስረጃ የለም፤ ቃል ኪዳኑ ከተጠበቀ አውሮፕላን ሳይሳፈሩም ይቻላል። ኮሚኒቲዎቻችንና የቅዳሜና እሑድ የፊደል ትምህርት ቤቶቻችን ፊደል በማስቆጠር ብዙ ደክመዋል፤ አንድ የሰመር ሳምንት ምግቡም፣ ጨዋታውም፣ ጥሉም፣ እርቁም በአማርኛ ብቻ የሚሆንበት ማረፊያ ቢያዘጋጁ ድካማቸው ፍሬ ያፈራል።

ሁለቱን ቋንቋዎች መቻል ለኑሮም ይጠቅማል፤ ለምሳሌ በዋሽንግተን ዲሲ በ2004 በወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች ስፓኒሽንና አማርኛን ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች መካከል አድርገዋቸዋል። ሁለቱንም የሚችል ልጅ በዚያች ከተማ በሆስፒታሉም፣ በፍርድ ቤቱም፣ በትምህርት ቤቱም ይፈለጋል። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ወረቀቱ ሲመጣ አትከልክሉ፤ ሳትጠይቁም አትፈርሙ። ልጄ የት ያድራል? ጠዋት ማን ያስተምረዋል? ማዕድ ላይ በምን ቋንቋ ይነጋገራሉ? ሲሳሳት ማን በትዕግሥት ያርመዋል? መልሱ ካጠገባችሁ ፈርሙ። ለሚቀጥለው ሰመር የአዲስ አበባ ቲኬት ስትቆርጡም እነዚያኑ አራት ጥያቄዎች ራሳችሁን ጠይቁ። የስፓኒሿ መምህር ለልጃችሁ ያሰበችለትን ያህል፣ ለአማርኛው እናንተ አስቡለት።