ቤዝመንታችን ጨረቃ ቤት አይሁን



እንደሚታወቀው በዚህ በሞንጎመሪ ካውንቲ ቤት የገዛ ወገናችን ሁሉ ውሎ አድሮ ዓይኑ ወደ ቤዝመንቱ መውረዱ አይቀርም። የባንኩ ዕዳ ይከብዳል፣ ከአገር ቤት ዘመድ ይመጣል፣ ልጆችም ያድጋሉ። ስለሆነም «ታች ሁለት መኝታ ቤትና አንድ መታጠቢያ ይሠራ» ይባላል። ሐሳቡ ደግ ነው፤ የሚቃወመው የለም። እኔ በበኩሌ የምቃወመው ሥራው ቅዳሜና እሑድ እየተደበቀ፣ መጋረጃ ተጋርዶ፣ ያለ ፈቃድ መሠራቱን ነው። አዲስ አበባ ሳለን እንዲህ ያለውን ጨረቃ ቤት እንለው ነበር። እዚያስ ቦታ ያጣ ሰው ነው በጨረቃ የሚሠራው። እዚህ በገዛ ቤታችን፣ ሰነዱ በስማችን እያለ፣ ምን አስደበቀን?

የሚሰጠውን መልስ አውቀዋለሁ። «ጊዜ ይፈጃል፣ ገንዘብ ያስወጣል፣ ግብር ያስጨምራል» ነው። ውሸት አይደለም። ክፍያ አለው፣ ፕላኑም እርማት እየተጻፈበት ሊመለስ ይችላል። ግብሩንም ብንል ስቴቱ ቤታችንን በየ3 ዓመቱ ስለሚገምት፣ የተሠራ ቤዝመንት ግምቱን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ይህን አልክድም። ነገር ግን እዚያ ታች የሚተኛው ማነው? ወይ ልጃችን ነው፣ ወይ ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ እንግዳ፣ ወይ ደግሞ ኪራይ የሚከፍለን ምስኪን ሠራተኛ።

ቤዝመንት ውስጥ መኝታ ቤት ካለ በእሳት ጊዜ ሰው የሚያመልጥበት፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛም የሚገባበት መስኮት ወይም በር ሊኖረው ግድ ነው። የመስኮቱ ልክ እንዲህ ነው፦ ሲከፈት የሚገኘው ክፍት ቦታ ከ5 ስኩዌር ፊት፣ ወርዱ ከ20 ኢንች፣ ቁመቱ ከ24 ኢንች ማነስ የለበትም። የታችኛው ጠርዝም ከወለሉ ከ44 ኢንች በላይ ከፍ አይልም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። 20 በ24 የሆነ መስኮት ገዝቶ «ልኩን ጠብቄያለሁ» ይላል። እስቲ አባዙት፤ 480 ስኩዌር ኢንች ነው የሚመጣው። 5 ስኩዌር ፊት ግን 720 ስኩዌር ኢንች ነው። ወርዱ 20 ከሆነ ቁመቱ 36 መሆን አለበት ማለት ነው። ይህን ለማስላት ኮሌጅ አያስፈልግም፤ እኔ ራሴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። መስኮቱ ከመሬት በታች ከሆነ ደግሞ ውጭ ጉድጓድ ይቆፈርለታል፣ ጉድጓዱ ከ44 ኢንች ከጠለቀም መሰላል ይገጠምለታል። አካፋ ከማንሳት በፊት 811 መደወል ነው። የጋዙና የመብራቱ መስመር በየት እንደሚያልፍ በነጻ ምልክት ይደረግላችኋል።

ስለ ጋዝ ካነሣን፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሊተንስቪል መንገድ ላይ የፈነዳውን አፓርታማ የረሳ ያለ አይመስለኝም። አንድ የጥገና ሠራተኛ የፍሳሽ ቧንቧ መስሎት የጋዝ ቧንቧ ቆረጠ፤ ሕንፃው ነደደ፣ ሰዎችም ቆሰሉ። ያ የፈቃድ ጉዳይ አልነበረም፣ ልክ ነው። ግን ቧንቧና ቧንቧ እንዲህ ይምታታል እኮ! ፈቃድ ያለው ሥራ ግድግዳው በድራይዎል ከመሸፈኑ በፊት ይታያል፤ እንጨቱ፣ ሽቦው፣ ቧንቧው። ለፈቃዱ የምንከፍለው ለዚህ ነው፤ የኮንትራክተሩ ዘመድም ጓደኛም ያልሆነ ሁለተኛ ዓይን እንዲያየው።

ወደ ኮንትራክተሮች ልምጣ። «ለዚህ ፈቃድ አያስፈልግም» ያለ ሰው ቢያጋጥማችሁ ቡናውን ጠጥቶ ይሂድ። «ፈቃዱን አንተ በስምህ አውጣው» የሚለው ደግሞ ይብሳል፤ ነገ ሥራው ቢበላሽ ካውንቲው የሚጠራው ፈቃዱ ላይ ያለውን ስም ነውና። በሜሪላንድ ሕግ የቤት እድሳት ሠራተኛ የስቴት ላይሰንስ ሊኖረው፣ ቁጥሩም ውሉ ላይ ሊጻፍ ይገባል። ቅድሚያ ክፍያም ከዋጋው አንድ ሦስተኛ በላይ መቀበል አይችልም። ግማሹን በጥሬ ገንዘብ አምጡ ካለ፣ ያገር ልጅ ቢሆንም፣ በአንድ ሰበካ ብንሳለምም፣ እምቢ በሉት። ላይሰንስ ለሌለው ሰው ከፍሎ የተበላ ሰው ከስቴቱ የካሳ ፈንድ አይጠይቅም።

ታች ወጥ ቤት ጨምሮ ራሱን የቻለ ቤት አድርጎ ማከራየት ሌላ ጉዳይ ነው፤ የኪራይ ላይሰንስ ይፈልጋል። የካውንቲው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ሕጉን ስላላላው ድሮ አይቻልም የተባላችሁ እንደገና ጠይቁ። የቤት ባለቤቶች ማኅበር ባለበት ግቢ የምትኖሩም፣ የካውንቲው ፈቃድ የእነሱን ፈቃድ አይተካም።

ካውንቲውንም ዝም ልንለው አይገባም። የግንባታ ፈቃዱና የመብራቱ ከዊተን መሥሪያ ቤት ሲወጣ የቧንቧና የጋዙ ከውኃ ድርጅቱ ነው፤ ሮክቪልና ጌተርስበርግ ከተማ ውስጥ ያለ ደግሞ ወደ ከተማው ይሄዳል። ሰው ይህን በምን ያውቀዋል? ከእኛ ሰፈር ግብር የሚሰበስብ መንግሥት፣ ኢንስፔክተሩ የጻፈውን እርማት ባለቤቱ በሚያነበው ቋንቋ ቢያስረዳ ምን ይጎድልበታል? ይህን ለምክር ቤቱ ደብዳቤ አድርገን እንድናቀርበው ለሚቀጥለው ስብሰባ ሐሳብ አቀርባለሁ። እስከዚያው 311 ደውሎ የአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ አትፈሩ።

ያለ ፈቃድ ሠርተው የጨረሱም አሉ፣ አውቃለሁ። ስም አልጠራም። አሁንም ማመልከት ይቻላል፤ ግድግዳ አስከፍተው ሊያዩ ይችላሉ፣ ያበሳጫል። ቤቱ ሊሸጥ ሲል ግን ገዢው የፈቃዱን መዝገብ ከካውንቲው አይቶ «የታለ?» ማለቱ አይቀርም፣ ያን ጊዜ ዋጋው ሲወርድ ደግሞ ይበልጥ ያበሳጫል።

ውል ልትፈርሙ ያሰባችሁ፣ ሳትፈርሙ ቅዳሜ ከስብሰባው በፊት ይዛችሁ ኑ፤ የላይሰንስ ቁጥሩን አብረን እናያለን። ሜትርም አመጣለሁ፣ መስኮት መለካት የሚፈልግ ካለ።

የማኅበሩ ጸሐፊ